የነቃዩ ሰሞን

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ትናንት ማታ በቴሌቪዥን ወጣሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ እስከ ዛሬ በቴሌቪዥን የታየው ጀርባዬ ብቻ ነው፣ ያውም የመስክ ጉብኝት ዜና ላይ። አሁን ግን ፊቴም ድምፄም ቁመቴም ወጣ። ድራማው «የመጨረሻው ጓሮ» ይባላል። እዚሁ ሆሳዕና ያለ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ነው የሠራው፤ ደራሲዋም አዘጋጇም ሐዳሳ የምትባል ወጣት ናት። ዘመኑ ከዛሬ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ኪኒን እየዋጠ ይኖራል፤ ምድር ላይ የቀረው አንድ የእንሰት ጓሮ ብቻ ነው። እኔ ነቃዩ ነኝ። ያንን ጓሮ ከሥሩ ልነቅል ከብረት ከተማ በሚበር መኪና የመጣሁ ክፉ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ልጆች እየተንጠራሩ አዩኝ። አንዱ ከኋላ «ሥር የያዘ ሁሉ ጠላቴ ነው!» ብሎ ጮኸና እናቱ አፉን ያዘችው። ይህን ንግግር የጻፈችው ሐዳሳ አይደለችም፤ በቀረጻው ቀን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለ እዚህ ጻፍኩት።

ባለቤቴ ማራኪ «በጸሎት ሰዓት አንገትህን ምን እንዲህ አስረዘመው?» አለችኝ። አላስረዘምኩም።

ከሰዓት እትዬ ገነቴ ከዶዮገና ደወለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ደስ ብሏት የደወለች መስሎኝ ነበር። «ከሰው ሁሉ መርጠው አንተን? ያውም እንሰት ነቃይ?» አለች። ሴቶቹ ከጸሎት በኋላ «የነቃዩ እህት» እያሉ ስቀውባታል። ድራማ ነው እኮ አልኳት። «እንሰቱስ ድራማ ነው?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለመፋቅ የደረሰውን ከባለቤቱ ገዝተን እንደነቀልን፣ ቆጮውም ለቀረጻው ሠራተኛ እንደተከፋፈለ ልነግራት ነበር። አልሰማችኝም።

ቢሆንም ጥሩ ቀን ነበር።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

የግብርና ቢሮ አለቃዬ አቶ ወልደ ማርያም ጠሩኝ። በዶዮገና በኩል የእንሰት አጠውልግ በሽታ እየገባ ነው፤ እኔ ተመድቤያለሁ። ሥራዬ ነው፤ ፀጉሬ የሸበተው በዚሁ ነው። መሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፣ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ መድኃኒት የለውም። የታመመውን ከሥሩ ነቅሎ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር፤ የነካውን ቢላዋ በእሳት ማሳለፍ፤ ከታመመ ጓሮ ችግኝ አለመውሰድ። ሌላ ዘዴ የለም። አንድ ቤት ደብቆ ካስቀረ የሰፈሩን ጓሮ ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

«ሕዝቡ አሁን በመልክ ያውቅሃል። በር አይዘጉብህም» አሉኝ አቶ ወልደ ማርያም። እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ተሳስተናል፤ እሳቸውም እኔም።

እትዬ ገነቴ ያለችበት ሰፈር ሞተሬን ሳቆም ልጆች ከየአጥሩ ብቅ ብቅ አሉ። «ነቃዩ መጣ! ነቃዩ መጣ!» በሮቹ እየተከታተሉ ተዘጉ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማኛል። ፈርተውኝ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ቢሆንም አንድም ጓሮ ሳላይ ዋልኩ።

ከእህቴ ጎን የሚኖረው ባፈና ብቻ አጥሩን ተደግፎ ጠበቀኝ። ሰውየው ነገር ይችላል።

«ዛሬ በየትኛው ነህ? በነቃዩ ነው ወይስ በመንግሥት?»

«በመንግሥት ነኝ።»

«እሱማ ይብሳል» አለ።

ጓሮውን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ጤነኛ ነው አለኝ። የጎረቤትስ አልኩት። «የማንም አልታመመም» አለ፤ ይህን ሲል ግን ዓይኑ ወደ እህቴ አጥር ሄዶ ቶሎ ተመለሰ።

እህቴ የለችም ተባልኩ። ጫማዋ ግን ደጃፉ ላይ ነበር።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ትናንት ሁለተኛው ክፍል ወጣ። መናኸሪያ አጠገብ ባለው ካፌ ከማራኪ ጋር ሆነን አየነው፤ ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ ነበር። ነቃዩ መጀመሪያ የመንደሩን ጥግ ይነቅላል። እንሰቱን ከነሥሩ ያወጣል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ቢላዎቹን አንድ በአንድ በእሳት ያሳልፋል። ሐዳሳ ስትጽፍ «አንድ ጓሮ ዳግም እንዳያቆጠቁጥ አድርጎ የሚያጠፋው ሰው ምን ምን ያደርጋል?» ብላ ጠይቃኝ ነበርና የሥልጠና ጽሑፋችንን ሰጥቻት ነበር። እሳቱን በጣም ወደደችው፤ ፊቴን ከሥር ሲያበራው ክፋቴን ያጎላዋል አለች። እውነትም ያጎላዋል።

ከዚያ ጀግናው ይመጣል። ጀግናውን የሚጫወተው ምስክር ነው፣ እዚሁ ከተማ ስልክ የሚጠግን ልጅ። በአባቱ ቢላዋ ከዚያው ጓሮ ችግኝ ቆርጦ ያወጣል፣ በጋቢው ሸፍኖ በነቃዩ ወታደሮች መሐል ያልፋል፣ ከመንደር መንደር ለእናቶች ያድላል። ካፌው ተነሥቶ አጨበጨበ። ልጁ ያምርበታል መቼም። ቆጮ አፉ እንደማይገባ፣ ሆዴን ይነፋኛል ብሎ በቀረጻው ቀን የጎረሰውን በፌስታል እንደተፋ የምናውቀው ጥቂቶች ነን። እኔም አጨበጨብኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ማራኪ «እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ እንሰት አላውቅም። አንተ ገበሬውን ስታስተምር የኖርከው ግን የቱን ነው? ያንተን ነው የምስክርን?» አለችኝ።

ድራማ ነው አልኳት።

ነገሩ በቀረጻው ቀን ውልብ ብሎብኝ ነበር መሰለኝ። ግን ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፣ ሐዳሳም ሥራ ሲቋረጥ አትወድም። ደግሞ ኮቱን ለብሼ ነበር። ኮቱ እግር ድረስ የሚደርስ ጥቁር ዝናብ ልብስ ነው፣ ጠርዙ በብር ወረቀት የተለበጠ። እሱን የለበሰ ሰው ስለ ችግኝ ንጽሕና ቢያወራ አያምርበትም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

በችኮላ ነው የምጽፈው። ዶዮገና ገበያ ላይ አንዲት ሴት አስቆመችኝ። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የእንሰት ችግኝ አሳየችኝ። «ካንተ ያተረፍኩት ነው!» ብላ ሳቀች። ከየት ነው? ከእህቷ ጓሮ። የእህቷስ ጓሮ ደህና ነው? «አንዳንዱ ጠውለግለግ ብሏል፤ እኛም ደህና የሚመስለውን ቶሎ አወጣን።» ወደ አንጋጫ ነው የምትወስደው። ለመንኳት፤ አልሰጠችኝም። የሚያዩን ሁሉ ስቀው «አትስጪው! አትስጪው!» አሉ።

እሷ ብቻ አይደለችም። ሰዉ ሁሉ ምስክር ሆኗል።

ማታ ትርፊት ደወለች። የእትዬ ገነቴ ልጅ ናት፤ አምና ሞርሲቶ ያገባችው። «አጎቴ፣ እማዬ ልክ እንደ ጀግናው በጋቢ ጠቅልላ ችግኝ ላከችልኝ፤ ዛሬ ተከልኩት!» እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ምን ልበል?

እራቴን አልበላሁም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

እትዬ ገነቴን ቤቷ አገኘኋት። ሳልናገር ነው የሄድኩት። ምግብ አቀረበች፤ ያሳደገችው ልጅ ደጇ መጥቶ ሳይበላ አይመለስም፣ ብትጣላውም። ግን የጓሮውን በር ጀርባዋ አድርጋ ተቀመጠች።

«ለትርፊት ችግኝ ልከሻል» አልኳት።

«ልጄ ናት። ጎጆ ወጥታለች። ምን ልላክላት? ኪኒን?»

«ጓሮሽን ልየው እትዬ።»

«ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ልየዋ።»

«ዕንባቆም፣ ሰው ፊት አዋርደኸኛል። ሴቶቹ ሲያዩኝ ኮቱን እንደለበሰ ሰው እጃቸውን ዘርግተው ይሄዳሉ። እኔ ነኝ እንሰት እየጋገርኩ ያሳደግኩህ። አሁን ደግሞ ጓሮዬ ልትገባ?»

እጄን ልታጠብ ስነሣ በአጥሩ ክፍተት አየሁት። ከአጥሩ ሥር ያለው ትልቁ እንሰት መሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እንደተሰበረ ክንድ ወርዷል። ከእሱ ወዲያ ያለችው ላይ ደረቅ ቅጠል ተከምሮባታል፤ ሰው እንዳያያት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። እህቴ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የምትኖረው በዚያ ጓሮ ነው። ጎተራዋም ገንዘቧም እሱ ነው። ዛሬ ካልተነቀለ በዓመቱ ምን እንደሚተርፍላት በደንብ አውቃለሁ፤ ከሷ ጓሮ ቀጥሎ ደግሞ የባፈና ነው፣ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ። ያየሁትን ልነግራት አፌን ስከፍት ዓይኗን አየሁ። ማየቴን አውቃለች። «ሂድ በቃ፣ ዝናብ ሳይመጣ» አለችኝ። ሰማዩ ንጹሕ ነበር።

የተማረ ሰው ነኝ እላለሁ። ደረጃ አለኝ፣ ሞተር አለኝ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አለኝ። አንድ ቅጠል ግን ማስቆረጥ አቃተኝ። ሰዉ ያላመነኝ በድራማው ምክንያት ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፣ ድራማውን የሠራሁት እኔው ነኝ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ስቱዲዮ ሄጄ ሐዳሳን ለመንኳት። በሚቀጥለው ክፍል ጀግናው ያደለው ችግኝ ይጠውልግ፣ ነቃዩ ልክ ነበር ይባል አልኳት።

ልጅቷ በትኅትና ሰማችኝ። «ጋሼ ዕንባቆም፣ የቀረውም ተቀርጿል እኮ። ደግሞ ነቃዩ ልክ ከሆነ ሰው ማንን ይጠላል?»

«በሽታውን ይጥላ።»

«በሽታ ኮት አይለብስም ጋሼ።»

ብልህ ልጅ ናት፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። በክፍሉ መጨረሻ የምክር ጽሑፍ እንዲያልፍ አደርጋለሁ አለችኝ። ተጨባብጠን ተለያየን። ስወጣ ምስክርን አገኘሁት፤ ዱራሜ ላይ ልጆች ትከሻቸው ላይ ተሸክመውት እንደነበር ነገረኝ። ደስ ይበለው።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ጽሑፉ ትናንት አለፈ። ማራኪ መነጽሯን እስክታደርግ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ሥልጠና ጠርተን ነበር። ከጠበቅነው በላይ ሰው መጣ፤ አብዛኛው ከእኔ ጋር ፎቶ ሊነሣ ነው። ስለ ቢላዋና ስለ እሳት ሳወራ አንዱ «ኮቱንስ አታመጣውም?» አለኝ። የታመመ እንሰት ያለው እጁን ያውጣ ስል አንድም እጅ አልወጣም። «በእኛ የለም። ከወንዙ ማዶ ነው ይባላል።» ከወንዙ ማዶ ያሉት ደግሞ እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እትዬ ገነቴ አልመጣችም።

ሪፖርቱ ላይ «ከፍተኛ ተሳትፎ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ሳልጠብቃት ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ቅዳሜ ና። ኮቱንም ይዘህ ና።»

«የትኛውን ኮት?»

«የብረቱን።»

የሰማሁት ነገር ግራ ገባኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ ነገረችኝ። «አንተ ወንድ ነህ፣ አታውቀውም። ጓሮዋ የታመመባት ሴት ምን እንደምትባል ታውቃለህ? ሰነፍ ናት፣ እጇ አይባረክም ትባላለች። በገዛ እጇ የአማቷን ዘር ነቀለች ከተባለማ አለቀላት። ሁላችንም የደበቅነው ለዚህ ነው። አዎ፣ ሁላችንም! ምን አስደነገጠህ? እኔ ግን አሰብኩት። ክፉ ሰው መጥቶ ነቀለባት ከተባለ ያዝኑልኛል። ችግኝ ያዋጡልኛል። ያንተ ስም እንደሆነ ቀድሞም ጠፍቷል።»

ስልኩን ይዤ ሳቅኩ። ስስቅ ዓይኔ እንባ አዘለ፤ ማራኪ ከጓዳ ወጥታ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ገና አሁን ገባሁ፤ ወገቤ ተቆርጧል፣ እጄ ውኃ ቋጥሯል፣ እንቅልፌ ግን አልመጣም። ሁሉንም ልጻፈው።

ከሐዳሳ የተዋስኩትን ኮት ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ለበስኩ፤ በብር ቀለም የተቀባውን የሞተር ሄልሜትም ደፋሁ። እትዬ ገነቴ ደጇ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ። ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች አሉ። ባፈና ወንበሩን ይዞ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

«አንተ የብረት ልጅ! አንተ እናት የሌለህ!» ብላ ጀመረች። እናታችን አንድ ናት፤ ግን ምን ትላለህ።

«ሥር የያዘ ሁሉ ጠላቴ ነው!» አልኩ። እዚህስ ድምፄ ከስቱዲዮው ይበልጥ አማረ።

ሴቶቹ እልልታና እርግማን ቀላቀሉ። ልጆች የአፈር ጓል ወረወሩብኝ። ዶማዬን ይዤ ጓሮው ስገባ እህቴ ኮቴ ላይ ተንጠለጠለች፣ እየጎተተች፣ እየጮኸች። ጩኸቱ መሐል አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ «ይሄን ተወው፣ ጤነኛ ነው። ከአጥሩ ሥር ያለውን ለመጨረሻ አቆየው። ከሱ ወዲያ ደግሞ ቅጠል የከመርኩባት አለች» አለችኝ። ወዲያው ቀና ብላ «ወይኔ ጓሮዬ! ወይኔ ድካሜ!» ብላ ጮኸች። ስድቡና ለቅሶው በአማርኛ ነው፤ ነቃዩ በቴሌቪዥን የሚናገረው አማርኛ ስለሆነ። ሹክሹክታው በእናታችን ቋንቋ ነው።

እንዲህ እያደረገች የታመመውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር አሳየችኝ። እኔ ከሥልጠናው ጽሑፍ ጋር ስዞር የከረምኩትን እሷ በልቧ ይዛዋለች፤ የትኛው መቼ እንደጀመረው ሳይቀር።

የመጀመሪያውን ግንድ ስቆርጠው ቢጫው ፈሳሽ ወጣ። ሴቶቹ ለማየት ተጠጉ። አንዷ በቀስታ «እኔም ዘንድ ይሄን አይቻለሁ» አለች። ሌላዋ አየቻትና እሷም ራሷን ነቀነቀች። እኔ ግን ነቃዩ ነኝና አላባበልኳቸውም። «እሳት አምጡ! ቢላዋዬ ይንጻ!» ብዬ ጮኽኩ። ሮጠው አመጡ። በሥልጠናው ቀን ክብሪት የሚጭር አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ከአጥሩ ሥር ያለው ትልቁ ቀረ። ከአማቷ የወረሰችው ዘር ነው፤ አማቷ ደግሞ ከአማቷ። ዶማውን ሳነሣ የእህቴ ጩኸት ተለወጠ። አሁን ለሰው አይደለም የምትጮኸው። ዶማዬን አወረድኩ።

«ቀጥል» አለችኝ በእናታችን ቋንቋ። «ቀጥል ልጄ፣ አትቁም።»

ነቀልኩት። አለቀስኩም፤ ሄልሜቱ ስለሸፈነኝ ማንም አላየኝም።

ጉድጓዱን ሞልቼ አፈሩን ስረግጥ ባፈና ከወንበሩ ተነሣ። «ክፋትህ ለእሷ ብቻ ነው እንዴ? የኔ አጥር አይታይህም?» አለኝ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የባፈና አለቀ። ከሁሉ የባሰ ሰዳቢ እሱ ነው፤ ልቡ እስኪጠፋ ሰደበኝ፣ ከዚያ ጉድጓዱን አብሮኝ ቆፈረ። ቀጥሎ ሁለት ቤት። ኮቱ ብብቱ ላይ ተቀደደ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

እስከ ማታ ስሰደብ ዋልኩ። የተነቀለበት ቤት ሁሉ ያበላኛል፤ ክፉን ሰው ሳያበሉ መስደድ ነውር ነው ይላሉ። አንዲት አሮጊት እንሰቷ ከመነቀሉ በፊት ኮቴ ላይ መጸለይ አለብኝ ብላ ጸለየች፤ ለእኔ ይሁን በእኔ ላይ አልገባኝም። ጉርሻውን ሳላኝክ የሚቀጥለው ቤት ልጆች ይጠሩኛል። ጤነኛ ጓሮ ያላቸው ሴቶች ለእትዬ ገነቴ ችግኝ ሊሰጧት ቃል ገብተዋል፤ አፈሩ እስኪያርፍ ጠብቂ አልኳት። ደስ ብሎኛል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

አቶ ወልደ ማርያም ጠሩኝ። አንዱ ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል፤ ዶማ አንሥቼ፣ ኮቱ እየተርገበገበ፣ እትዬ ገነቴ እግሬ ሥር ወድቃ። መነጽራቸውን ወደ ታች አድርገው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ሪፖርትህ ላይ ‹በማግባባት› የሚል አለ።»

«አዎን ጋሼ።»

«ይሄ ነው ማግባባቱ?»

ነገርኳቸው። ሳይስቁ ሰሙኝ። በመጨረሻ «ሌሎቹ ባለሙያዎች ኮት ይጠይቁኛል እንግዲህ፤ በየትኛው በጀት ልግዛ?» አሉና ያን ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው። ስወጣ ለጸሐፊያቸው «ቁመቱ ነው ያዋጣው» ሲሉ ሰማሁ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ትናንት ሞርሲቶ ነበርን፣ እትዬ ገነቴና እኔ። ትርፊት የተከለችው ችግኝ ጠውልጓል። ኮቱን ከሞተሩ ላይ ልፈታ ስል እህቴ እጄን ያዘች። «እዚህ አያስፈልግም። የላክሁት እኔ ነኝ» አለች። ልጇ ፊት በርከክ ብላ ችግኙን በእጇ ነቀለችው። ትርፊት መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት እናቷን አቅፋ አለቀሰች። እኔ ጉድጓዱን ቆፈርኩ፤ ለትንሽ ችግኝ ጉድጓዱ ከመጠን በላይ ጠለቀ፤ እጄ ሥራ እንዲይዝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እህቴ ሞተሩ ላይ ጀርባዬን ይዛ «ያ ልጅ፣ ጀግናው፣ ያደለው ችግኝ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ይሆን?» አለችኝ። ድራማ ነው ልላት ነበር። ይሆናል እትዬ አልኳት።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሞትኩ። የመጨረሻው ክፍል ነው። ቤት ሆነን አየነው፤ ካፌ መሄድ አልፈለግኩም። ምስክር በአባቱ ቢላዋ ደረቴን ወጋኝና ችግኝ ያደላቸው እናቶች ከየመንደሩ እንሰት ተሸክመው እየዘመሩ መጡ። አወዳደቄ ጥሩ ነበር፤ ማራኪ እንኳን «እዚህስ አሳዘንከኝ» ብላለች። የምክር ጽሑፉ አሁንም አለፈ፣ ማናችንም ማንበብ አልቻልንም።

ጽሑፉ ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ገነቴ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ባፈና ቤት ተሰብስቦ ነበር ያየው። ከኋላዋ ጫጫታ ይሰማኛል።

«ገደሉህ እኮ!» አለችኝ። የምር ከፍቷታል። «ሴቶቹ ቲቪውን አጥፉት፣ አጥፉት እያሉ ነው። ባፈናማ ተነሥቶ ቲቪው ላይ ጮኸበት።»

«ምን ብሎ?»

«‹ቢላዋውን እሳት ላይ አላሳለፈም! ቢላዋውን አላሳለፈም!› ብሎ ነዋ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጫጫታው ራቀ፤ ወደ ውጭ የወጣች መሰለኝ። «ዕንባቆም፣ ከውኃ መውረጃው በኩል ያለች አንዷ እንሰት መሐል ቅጠሏ ቢጫ ብሏል። ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ለሴቶቹም አሳየኋቸው።»

አሳየኋቸው ነው ያለችው። ደግሜ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት።

«ሰኞ እመጣለሁ» አልኳት። «ኮቱን አሰፍቼዋለሁ፣ ብብቱን።»

«ኧረ ተወው። ጉድጓዱን ከሰዓት ቆፍሬ ጨርሻለሁ። ጥልቀቱን ብቻ መጥተህ እይልኝ።»

ስልኩን ስዘጋ ማራኪ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ፤ ደህና ናት፣ በጣም ደህና ናት አልኳት። ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የለፋሁት ይህንን አንድ የስልክ ጥሪ ለመስማት ነው። ኮቱን ግን ከሞተሩ ላይ ፈትቼ ስሰቅለው ትንሽ ቅር አለኝ።